አረንጓዴውን አትመኑት፦ የሌሊት ጆቦችን ከዳታቤዙ ወገን መከታተል

ሰኞ ጠዋት፣ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ከለገሃር ወደ ብሔራዊ ቴአትር በእግሬ እየወጣሁ ስልኬ ጮኸ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን ናቸው።

«ልጄ፣ የዓርብና የቅዳሜ ሽያጭ የት ገባ?» አሉኝ።

«ሌሊት ተዘግቷል እኮ፤ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነው» አልኳቸው።

«አረንጓዴውን ምን ላድርገው? ሪፖርቱ ባዶ ነው!»

እውነታቸውን ነበር። የቀን መዝጊያው ጆብ (በየሌሊቱ በራሱ ተነስቶ የቀኑን ሽያጭ የሚዘጋው ሥራ) ሦስት ሌሊት በተከታታይ «ተሳክቷል» ብሎ መዝግቧል። ሠንጠረዡ ውስጥ ግን አንድ መስመር አልገባም። ለካ ዓርብ ማታ አንድ ባልደረባችን የአንድ ኮለም (የሠንጠረዡ አምድ) ስም ቀይሮ ሄዷል። ስክሪፕቱ (የጆቡ ትእዛዞች የተጻፉበት ፋይል) የድሮውን ስም ሲፈልግ ስህተት ገጠመው። ስህተቱን ዘሎ ቀጠለ። መጨረሻው ላይ ደርሶ በሰላም ወጣ። ጆቦችን በሰዓታቸው የሚያስነሳው ሼጁለሩም በሰላም መውጣቱን አይቶ አረንጓዴ ቀባው።

ሼጁለር የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙን መቼ እንዳስነሳውና ሲወጣ ምን ቁጥር እንደመለሰ። መካከል ላይ የሆነውን የሚያውቀው ዳታቤዙ ነው። ስለዚህ እሱን እንጠይቀው።

ከዚህ በታች ያለው ሊኑክስ ላይ ለተጫነ ፖስትግሬስ ለሚባለው ዳታቤዝ ነው። ጆቡን የሚያስነሳው የሊኑክሱ ሼጁለር፣ ተራው ክሮን ነው እንበል። ሌሎቹን ዳታቤዞች መጨረሻ ላይ በአጭሩ እነካካቸዋለሁ። የትእዛዞቹን ስም አፋችን እንደሚጠራው ነው የጻፍኩት። ስትተይቡ በላቲን ፊደል ነው፤ በቃላቱ መካከል ባለው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ አንደርስኮር አስገቡ።

1. ጆቡ እንዳይዋሽ አድርጉ

እኛን የበላን ይሄ ነው። ፒኤስኪውኤል (ለፖስትግሬስ ትእዛዝ የምንሰጥበት ፕሮግራም) አንድ የስክሪፕት ፋይል ሲያነብ መካከል ላይ ስህተት ቢያገኝ አይቆምም። ስህተቱን ይጽፋል፣ ወደሚቀጥለው መስመር ያልፋል፣ ሲጨርስ 0 ይመልሳል። 0 ማለት ለክሮንም ለማንኛውም ሼጁለር «ሰላም ነው» ማለት ነው።

መድኃኒቱ ኦን ኤረር ስቶፕ የሚባለውን ቫሪያብል ማብራት ነው። ሲበራ የመጀመሪያው ስህተት ላይ ይቆምና 3 ይመልሳል። (ኮኔክሽኑ ከተቋረጠ ደግሞ 2 ነው የሚመልሰው።) እግረ መንገዳችሁን ስክሪፕቱ በሙሉ በአንድ ትራንዛክሽን እንዲሄድ የሚያደርገውን ሲንግል ትራንዛክሽን የሚለውን ምርጫ ጨምሩበት (በመካከሉ አንደርስኮር ሳይሆን ሰረዝ ነው)። ያኔ ወይ ሁሉም ይገባል፣ ወይ ምንም አይገባም። ግማሽ የተዘጋ ቀን ካልተዘጋ ቀን ይብሳል፤ የሒሳብ ሰዎችን ጠይቁ።

ባክአፕም እንዲሁ ያታልላል። ብዙዎቻችን የዳታቤዙን ቅጂ የሚያወጣውን ፒጂ ደምፕን በፓይፕ (የአንዱን ውጤት ለሌላው በሚያቀብለው) ፋይል ወደሚጨምቀው ጂዚፕ እንልከዋለን። ትእዛዞቹን የሚያስኬደው ባሽ በዚህ ጊዜ የሚመልሰው የመጨረሻውን ፕሮግራም ቁጥር ነው። ፒጂ ደምፕ ፓስወርድ ተሳስቶ ገና በሩ ላይ ቢወድቅም ጂዚፕ ባዶውን በደንብ ጨምቆ 0 ይመልሳል። እጃችሁ ላይ የሚቀረው 20 ባይት የሆነ «ባክአፕ» ነው። ስክሪፕቱ አናት ላይ ፓይፕፌይል የሚለውን ሴቲንግ አብሩ። የፋይሉን መጠንም ከትናንቱ ጋር አስተያዩ።

2. «8 ሰዓት» ስንል የትኛው 8 ሰዓት?

ይሄ የኛው የራሳችን ጣጣ ነው። የውጭ አገር መመሪያ ላይ አታገኙትም።

አንድ ጊዜ አዲስ የገባ ልጅ «መዝጊያውን 8 ሰዓት ላይ አድርገው» ተባለ። የተባለው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። እሱ ክሮን ላይ 8 ብሎ ጻፈ። ለክሮን 8 ማለት ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ገንዘብ ያዦች መስኮት ከፍተው ደንበኛ ማስተናገድ ሲጀምሩ ጆቡም ሠንጠረዡን መቆለፍ ጀመረ። ሁሉም ስክሪን ፍንክች አልል አለ። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ የተነገረውን ነው የጻፈው።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት በክሮን 2 ነው። ያውም የሰርቨሩ ሰዓት የአዲስ አበባ ከሆነ። ሰርቨሩ በዩቲሲ፣ ማለትም በግሪንዊች ሰዓት የሚሄድ ከሆነ (ክላውድ ላይ የተከራያችሁት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው) 3 ሰዓት ስትቀንሱ 23 ይሆናል፤ ቀኑም ወደ ትናንት ይመለሳል። ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት ብላችሁ ያሰባችሁትን ሰኞ ብላችሁ መጻፍ አለባችሁ ማለት ነው። ደግነቱ እኛ አገር በጋና ክረምት ሰዓት አይቀያየርም። ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ 3 ነው። ዳታቤዙ ውስጥ የሚሠራውን ፒጂ ክሮን የምትጠቀሙ ከሆነ፣ እሱም ካልነካችሁት በግሪንዊች ሰዓት ነው የሚያስበው። ክሮን ታይምዞን የሚለውን ሴቲንግ አስተካክሉ (በመካከሉ ነጥብ ነው)።

የወር መዝጊያ ላላቸው ደግሞ ሌላ አለ። ክሮን መስከረምንም ጳጉሜንም አያውቅም። ጥቅምት 30 ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 9 ላይ ይውላል፣ ጥር 30 ፌብሩዋሪ 7 ላይ። ጳጉሜ 6 ከሆነች በኋላ ግን በአንድ ቀን ይገፋሉ። 2015 ላይ ጳጉሜ 6 ስለነበረች 2016 የገባው ሴፕቴምበር 12 ነው። ቀኖቹን ክሮን ላይ በእጅ የደረደረ ሰው ያን ዓመት ተሸውዷል። የበጀት ዓመት መዝጊያው ሰኔ 30 ግን ሁልጊዜ ጁላይ 7 ላይ ይጸናል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። የወር መዝጊያውን በየሌሊቱ አስነሳዋለሁ። ዳታቤዙ ውስጥ ሁለቱን የዘመን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን የያዘ የቀን ሠንጠረዥ አለ። ጆቡ ሲነሳ ሠንጠረዡን ያያል፤ የወሩ መጨረሻ ካልሆነ «ዛሬ ሥራ የለም» ብሎ መዝግቦ ይወጣል። መዝግቦ የሚለውን ልብ በሉ። ዝም ብሎ ከወጣ ሥራ ያልነበረበትን ሌሊት ከሞተበት ሌሊት መለየት አትችሉም።

3. ለእያንዳንዱ ጆብ ስም አውጡለት

ሌሊት ዳታቤዙን ስትከፍቱ 40 ኮኔክሽን ተደርድሮ ታያላችሁ። ሁሉም የሚገቡት በአንድ የተጠቃሚ ስም ነው። የቀን መዝጊያው የትኛው ነው? ወለድ የሚያሰላውስ?

አፕሊኬሽን ኔም የሚባል ቦታ አለ። ጆቡ ከመነሳቱ በፊት ፒጂአፕኔም የሚለውን የአካባቢ ቫሪያብል በጆቡ ስም ሙሉት፤ በቃ። በላቲን ፊደል ይሁን፤ የግዕዝ ፊደል እዚያ ቦታ ላይ እንደጻፋችሁት አይወጣም። ከ63 ፊደል በላይም አይቀበልም። ሼጁለሩ ላይ ያለው ስምና ዳታቤዙ ላይ ያለው ስም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ይህቺ የአንድ ደቂቃ ሥራ በኋላ የሰዓታት ፍለጋ ታስቀራለች።

4. የሚያይ እንጂ የማይነካ ተጠቃሚ ፍጠሩ

መከታተያውን በዋናው አስተዳዳሪ ስም አታስኪዱት። ከፖስትግሬስ 10 ጀምሮ ፒጂ ሞኒተር የሚባል ሮል (የፈቃድ ጥቅል) አብሮ ይመጣል። አንድ ተጠቃሚ ፍጠሩና ይህን ስጡት። ያለሱ የሌላውን ሰው ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሰጠውን ትእዛዝ) ማየት አይቻልም፤ በቦታው «ፈቃድ የለም» የሚል ጽሑፍ ነው የሚወጣው።

5. አሁን ምን እየሠራ ነው?

ዋናው መስኮት ፒጂ ስታት አክቲቪቲ ነው። ለእያንዳንዱ ፕሮሰስ አንድ መስመር አለው። ሁሉንም ኮለም አትዘርግፉት፣ ዓይን ያደክማል። እነዚህ ይበቃሉ፦ የፕሮሰሱ ቁጥር፣ አፕሊኬሽን ኔም፣ ስቴት፣ ትራንዛክሽኑ የተጀመረበት ሰዓት፣ ኩዌሪው የተጀመረበት ሰዓት፣ ዌይት ኢቨንት ታይፕ፣ ዌይት ኢቨንት፣ እና ኩዌሪው ራሱ።

ስቴቱ ላይ «አክቲቭ» ስታዩ አትደሰቱ። አክቲቭ ማለት ኩዌሪው አላለቀም ማለት ብቻ ነው። ጎኑ ያለው ዌይት ኢቨንት ታይፕ «ሎክ» የሚል ከሆነ ጆቡ ሥራ ላይ አይደለም፤ የሌላ ሰው በር ላይ ቆሞ እያንኳኳ ነው። «አይኦ» የሚል ከሆነ ዲስክ እየጠበቀ ነው፤ ይሄ ለትልቅ ጆብ የተለመደ ነው። ባዶ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፕሮሰሰሩ ላይ እየሠራ ነው።

ከሁሉም የምፈራው «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» የሚለውን ነው። ትራንዛክሽን ከፍቶ፣ የያዘውን ቆልፎ ይዞ፣ ምንም ሳይሠራ የተቀመጠ ነው። ሚኒባስ ውስጥ በሩ ላይ ቆሞ የማይወርድም የማይገባም ሰው እንዳለ አስቡት።

ሁለቱን ሰዓቶች አነጻጽሩ። ኩዌሪው ከተጀመረ 3 ሴኮንድ፣ ትራንዛክሽኑ ከተጀመረ 2 ሰዓት ከሆነ፣ ጆቡ በሉፕ ውስጥ አንድ አንድ መስመር እየነካ ኮሚት ሳያደርግ (ሥራውን ሳያጸድቅ) እየሄደ ነው። ኩዌሪውን ብቻ ያየ ሰው «ፈጣን ነው» ብሎ ያልፈዋል።

አንድ ትንሽ ነገር፦ እዚህ ላይ የሚታየው የኩዌሪ ጽሑፍ በ1024 ባይት ላይ ይቆረጣል። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ኩዌሪው አናት ላይ ረጅም የአማርኛ ማብራሪያ የምትጽፉ ካላችሁ (እኔ ነበርኩ) ዋናው ትእዛዝ ሳይታይ ይቆረጥባችኋል። ማብራሪያውን አሳጥሩት፣ ወይም ትራክ አክቲቪቲ ኩዌሪ ሳይዝ የሚለውን ጨምሩት። እሱን ከቀየራችሁ ግን ሰርቨሩ እንደገና መነሳት አለበት።

ፒጂ ክሮን ላላቸው ሰዎች ነገሩ ይቀላል። ክሮን በሚባለው ስኪማ (የሠንጠረዦች ክፍል) ውስጥ ጆብ ራን ዲቴይልስ የሚል ሠንጠረዥ አለ። የእያንዳንዱ ጉዞ መጀመሪያ፣ መጨረሻ፣ ውጤትና የተመለሰው መልእክት እዚያ ይጻፋል። ጆብ ፒአይዲ የሚለውን ቁጥር ከፒጂ ስታት አክቲቪቲ ጋር አያይዙት፤ ሼጁለሩና ዳታቤዙ በአንድ መስመር ላይ ይገናኛሉ። ሠንጠረዡ ራሱን አያጸዳም። አሮጌውን የሚሰርዝ አንድ ጆብ አብራችሁ ሥሩለት።

6. በሩን የያዘው ማነው?

ጆቡ ሎክ እየጠበቀ ከሆነ ፒጂ ብሎኪንግ ፒአይዲስ የሚለውን ፈንክሽን በጆቡ ቁጥር ጥሩት። የያዙትን ሰዎች ቁጥር ይሰጣችኋል። እነሱም ሌላ ሰው እየጠበቁ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማንንም መልቀቅ የማይጠብቀው እስኪገኝ ወደ ላይ ተከተሉት። ጥፋተኛው እሱ ነው። መካከል ላይ ያሉት ልክ እንደ እናንተ የተጎዱ ናቸው።

እኛ ቢሮ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ሰው ነው። አንዱ ፒጂአድሚን (ዳታቤዙን በመስኮት የሚያሳየው ፕሮግራም) ላይ ትራንዛክሽን ይከፍታል፣ አንድ መስመር ያስተካክላል፣ ኮሚት ሳያደርግ 11 ሰዓት ተኩል ሲሞላ የሰርቪስ መኪናው እንዳያመልጠው ሮጦ ይወጣል። ኮምፒውተሩ ክፍት ያድራል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የቀን መዝጊያው መጥቶ እዚያች መስመር ላይ ይቆማል።

ሁለት ሴቲንግ ይሄን ይቀንሰዋል። አይድል ኢን ትራንዛክሽን ሴሽን ታይምአውት ሥራ ፈቶ የተቀመጠውን ያስወጣዋል፤ እኔ ለሰዎች ተጠቃሚ 15 ደቂቃ ሰጥቻለሁ። ሎክ ታይምአውት ደግሞ ለጆቡ ነው። 5 ደቂቃ ጠብቆ ካልተከፈተለት በስህተት ይውጣ። በጊዜ ቀይ የሆነ ጆብ እስከ ንጋት ከሚጠብቅ ጆብ ይሻላል፤ ቢያንስ ታውቁታላችሁ። ሁለቱንም ለመላው ሰርቨር ሳይሆን በየተጠቃሚው አድርጓቸው።

ራሱ ጆቡ የራሱን በር ሊይዝም ይችላል። በየ10 ደቂቃው የሚነሳ ጆብ አንድ ቀን 14 ደቂቃ ቢፈጅ፣ ክሮን ያለፈው አለቀ አላለቀ ሳይል ሁለተኛውን ያስነሳል። ፒጂ ክሮን ግን የመጀመሪያው እስኪያልቅ ሁለተኛውን ያቆየዋል። ተራውን ክሮን ለምትጠቀሙ ትእዛዙን ኤፍሎክ በሚለው ፕሮግራም ውስጥ አስገቡት፤ ኖንብሎክ የሚለውን ምርጫም ጨምሩበት። ያለፈው ካላለቀ አዲሱ ሳይነሳ ይቀራል።

7. ማስቆም ካለባችሁ

ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ፒጂ ካንስል ባክኤንድ። ይሄ ኩዌሪውን ብቻ ያቆማል። ሥራ ፈቶ ትራንዛክሽን የያዘውን ግን አይነካውም፤ የሚቆም ኩዌሪ የለውማ። ለእሱ ፒጂ ተርሚኔት ባክኤንድ ነው፤ ኮኔክሽኑን ይቆርጠዋል።

ከሊኑክስ በኩል ኪል 9 እንዳትሉ! አንዱን የፖስትግሬስ ፕሮሰስ በዚህ ከገደላችሁት ዋናው ፕሮሰስ ሚሞሪው ተበላሽቷል ብሎ ስለሚያስብ ሁሉንም ኮኔክሽን ያባርርና ሪከቨሪ (ራሱን መጠገን) ይጀምራል። አንድ ጆብ ለማስቆም ብላችሁ ሁሉንም ሰው ጣላችሁ ማለት ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ትልቅ ትራንዛክሽን ስታቋርጡ ፖስትግሬስ ላይ ቶሎ ይለቃል። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ግን የሠራውን መልሶ እያፈረሰ ብዙ ሊቆይ ስለሚችል ሁለት ጊዜ አስቡበት።

8. የራሳችሁ መዝገብ ይኑራችሁ

አንድ ሠንጠረዥ ይበቃል። የጆብ ስም፣ የጀመረበት፣ የጨረሰበት፣ የነካቸው መስመሮች ብዛት፣ ውጤት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «ጀመርኩ» የሚለውን መስመር ከሥራው ጋር በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ከጻፋችሁት፣ ሥራው ሲወድቅ መዝገቡም አብሮ ይጠፋል። ጆቡ ጭራሽ ያልተነሳ ይመስላል። «ጀመርኩ»ን በአንድ ትራንዛክሽን ከሚሄደው ዋናው ስክሪፕት ውጭ ጻፉ፣ ኮሚት አድርጉ፣ ከዚያ ሥራውን በሌላ ትራንዛክሽን ጀምሩ።

የመስመሮቹን ብዛት አትተዉት። የኛን ጉድ ዓርብ ሌሊት ሊያጋልጥ ይችል የነበረው እሱ ነው፤ 0 ይል ነበር። ግን በዓልን አስታውሱ። በገና ዕለት ሱቁ ዝግ ስለሆነ 0 ትክክል ነው። ዋዜማው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ሕዝቡ ሁሉ ገበያ ወጥቶ ጆቡ ከወትሮው እጥፍ ሊፈጅ ይችላል። የቀን ሠንጠረዡ ላይ የበዓል ምልክት ጨምሩና ማስጠንቀቂያው እሱን ይይ።

የሁለት ሳምንት መዝገብ ሲጠራቀም የእያንዳንዱን ጆብ የተለመደ ቆይታ ታውቃላችሁ። አማካይ አትጠቀሙ፤ አንድ መጥፎ ሌሊት ያዛባዋል። በርዝመት ደርድራችሁ መካከል ላይ ያለውን ውሰዱ። የኛ መዝጊያ 25 ደቂቃ ነው። 50 ካለፈ ስልኬ ይጮሃል።

9. ዝምታውን አስጩሁት

የወደቀ ጆብ መልእክት ይልካል። ያልተነሳ ጆብ ግን ማንም አይነግራችሁም። መብራት ሄዶ፣ ጄኔሬተሩ ዘግይቶ፣ ዩፒኤሱ አልቆ ሰርቨሩ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ጠፍቶ ከነበረ፣ ክሮን ሲመለስ ያመለጠውን አያስነሳም። ያለፈው አለፈ ነው። ሌላውን የሊኑክስ ሼጁለር፣ ሲስተምዲ ታይመርን ብትጠቀሙ ፐርሲስተንት የሚለውን ስታበሩ ያመለጠውን ሲነሳ ይሠራል።

ስለዚህ አንድ ጠያቂ ሥሩ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መዝገቡን ይከፍትና «ዛሬ ሌሊት የጨረሰ መስመር አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከሌለ ይጮሃል። ይህ ጠያቂ ከዳታቤዙ ጋር አንድ ማሽን ላይ አይቀመጥ፤ ቢቻል አንድ ሕንፃ ውስጥም አይሁን። አብሮ ጠፍቶ ማን ይናገራል?

መልእክቱን በቴሌግራም ላኩት። ኢሜይል ሌሊት ማንም አያይም። ቦትፋዘር በሚባለው የቴሌግራም አካውንት ላይ ቦት (በራሱ መልእክት የሚልክ አካውንት) ትፈጥራላችሁ፣ ቶክኑን ትወስዳላችሁ፣ ለአይቲ ክፍሉ ግሩፕ ትከፍታላችሁ፣ ከዚያ መላኩ ከርል በሚባለው ፕሮግራም አንድ መስመር ነው። የጆብ ስም፣ ሰዓትና የስህተቱን ቁጥር ብቻ ላኩ። የደንበኛ ስምና ሒሳብ ያለበትን የስህተት መልእክት እንዳለ ገልብጣችሁ እንዳትለጥፉ። «ተሳክቷል» የሚለውንም በየሌሊቱ አትላኩ፤ በሳምንቱ ሁሉም ሰው ግሩፑን ሚውት ያደርገዋል።

ሌሎቹስ?

የኤስኪውኤል ሰርቨር ሼጁለር ኤጀንት ይባላል፤ ታሪኩን ኤምኤስዲቢ በሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ ሲስጆብሂስትሪ ላይ ይጽፋል። ቆይታው እንደ ተራ ቁጥር የተቀመጠ ሰዓት፣ ደቂቃና ሴኮንድ ነው፤ 13005 ማለት 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ ነው። በሴኮንድ መስሎት ያካፈለ ሰው አውቃለሁ። ካልቀየራችሁት ለአንድ ጆብ 100 መስመር፣ በጠቅላላው 1000 ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። በየደቂቃው የሚነሳ ጆብ ካላችሁ የትናንቱን ዛሬ አታገኙትም።

ኦራክል ላይ ዲቢኤ ሼጁለር ራኒንግ ጆብስ አሁን የሚሄደውን፣ ዲቢኤ ሼጁለር ጆብ ራን ዲቴይልስ ያለፈውን ያሳያሉ። ማይኤስኪውኤል ላይ ሾው ፕሮሰስሊስት አለ። ኢቨንቶቹ (ዳታቤዙ ራሱ በሰዓታቸው የሚያስነሳቸው ጆቦች) ግን የጉዞ ታሪክ አይጽፉም፤ ስህተታቸው የሚገኘው ኤረር ሎጉ ላይ ነው። እዚያ 8ኛው ደረጃ ግዴታ ነው።

ሁሉንም ከዘረጋችሁ በኋላ አንድ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ የሙከራ ዳታቤዙ ላይ ራሳችሁ በየተራ አበላሹት። የአንድ ኮለም ስም ቀይሩ። ሌላ መስኮት ላይ ትራንዛክሽን ከፍታችሁ ጆቡ የሚነካውን አንድ መስመር አስተካክላችሁ ተዉት። የክሮኑን መስመር ሰርዙት። ከዚያ ስልካችሁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡና ማኪያቶ እየጠጣችሁ ጠብቁ። ሦስት መልእክት መምጣት አለበት። እኔ መጀመሪያ ስሞክረው የመጣው አንድ ብቻ ነበር።